ሳሙናውን አይታችኋል?

መምህርት ኤልዳና ባሏን በቀበረች ማግስት ከጆሮዋ ጀርባ የተለጠፈችው፣ ስሜቷን የምትለካው ፍሬ ነዘረቻት። ንዝረቷ ለስላሳ ነበር፤ ሰው ትከሻን መታ መታ አድርጎ “አይዞሽ” የሚል ያህል። ትርጉሙን ግን ደሴ ውስጥ ያለ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። መንፈስሽ ወርዷል፣ ጓደኞችሽም ተነግሯቸዋል፣ እየመጡ ነው ማለት ነው።

ትምህርት ቤቶቹ ከተከፈቱ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ትውልድ ሙሉ በርቀት ተምሯል። መምህራኑም “ሳጥን” በሚሏት፣ በየቤታቸው በተሠራች፣ ወንበርና ስክሪን ብቻ በምትይዝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዘግተው፣ በአካል ከማያገኟቸው ልጆች ጋር ሲነጋገሩ ኖረዋል። በሮቹ ሲከፈቱ የታየውን ማንም አልጠበቀውም። ልጆቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተላምደው ሜዳውን በጩኸት ሞሉት። መምህራኑ ግን አልቻሉም። የሰው ጠረን የሚያስመልሳቸው ነበሩ። በስብሰባ መሀል ተነስተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩ ነበሩ። የባዮሎጂ መምህርቷ ረምላ ለብዙ ወራት መናገር ስትፈልግ እጇን አውጥታ ትጠብቅ ነበር፤ አንድ ሰው ድምጿን እስኪከፍትላት። የመምህራን መንፈስ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው ያን ጊዜ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ መምህራኑን አምስት አምስት አድርጎ አቧደናቸው። አንዱ ቡድን “እጅ” ይባላል፤ አባላቱ ደግሞ “ጣቶች”። በመምህራን ማረፊያው ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዱ እጅ አንድ መብራት ተሰቅሎለታል። አረንጓዴ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ አንደኛው ጣት ደክሟል፤ አራቱ ሊያነሱት ይገባል። ቀይ ሆኖ አንድ ወር ከቆየ አምስቱም ወደ ሳጥን ይመለሳሉ። በቆላው ያሉ ልጆች አሁንም በርቀት ስለሚማሩ ሳጥኖቹ ሥራ አልፈቱም። ይህ ቅጣት አይደለም ይላል ጽሕፈት ቤቱ፤ እረፍት ነው።

የኤልዳና እጅ ስሙ ንጋት ነበር። መሪው የሒሳቡ መምህር ቢንያም ነው፤ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው ሲያዝን ማየት የማይችል። ረምላ የኤልዳና የልብ ጓደኛ ናት። የቀሩት ሁለቱ ዮናታንና ሲፈን የሚባሉ ወጣት መምህራን ናቸው፤ ቢንያም ያለውን ያደርጋሉ። ጠዋት ጠዋት ከደወል በፊት መምህራኑ በሙሉ ሜዳው ላይ ክብ ሠርተው አንዲት ቢጫ ኳስ ይወራወራሉ። ኳሷ የደረሰችው ሰው ትናንት ያስደሰተውን ነገር ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የተቀሩት ያጨበጭባሉ። ኤልዳና በዚህ አትታማም ነበር። ብዙ ጊዜ የምታወራው ስለ ባሏ ስለ ናሆም ነው።

ናሆም የአውቶቡስ ባትሪ ጠጋኝ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ጎንበስ የሚል። በሳጥን ዘመን ኤልዳና ስታስተምር አፉን በበሩ ስንጥቅ ላይ አድርጎ ምሳ ምን እንደሠራ በሹክሹክታ ይነግራት ነበር። ለእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከስክሪን ውጪ የምታውቀው የሰው ፊት የእሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ እሑድ ቀን የቤታቸውን ደረጃ ሲወጣ ልቡ ቆመ።

*

አራቱ የንጋት ጣቶች ለቅሶው ቤት ሲደርሱ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የናሆም ታላቅ እህት፣ እትዬ ሃሴት፣ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ታስለቅሳለች። ናሆምን ያሳደገችው እሷ ናት። ቢንያም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ኤልዳናን ለብቻዋ ማግኘት እንደሚፈልጉ ነገራት።

“ከለቅሶ ቤት ማን ሐዘንተኛ ያስነሳል ልጄ?” አለችው እትዬ ሃሴት።

“እኛም ልናጽናናት ነው እናቴ። ብዙ አንቆይም።”

ለማጽናናት የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው። ፈቀደች።

በውስጠኛው ክፍል ረምላ ኤልዳናን አንገቷን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። ወዲያው የሷም ፍሬ ነዘረች። ቢንያም ክንዷን ያዛት። “ረምላ፣ ውጪና ፊትሽን ታጥበሽ ተመለሺ” አላት በለሆሳስ። ወጣች፤ ፊቷን ታጥባ፣ ዓይኗን አድርቃ ተመለሰች። ዮናታን ቢጫዋን ኳስ ከቦርሳው አውጥቶ በኤልዳና ጭን ላይ አስቀመጣት። ኤልዳና ኳሷን አየቻት።

“ኤልዱ፣ ሰውዬውን እኮ እንወደዋለን” አለ ቢንያም አጠገቧ እየተቀመጠ። “በእንባ ለምን እናስታውሰው? ያስቅ የነበረበትን ነገር አንድ ብቻ ንገሪን። አንድ።”

“አሁን አልችልም ቢኒ።”

“አንድ ብቻ።”

ኤልዳና ራሷን ነቀነቀች። ይሄኔ ረምላ ነበረች የጀመረችው። ታሪኩን ኤልዳና ራሷ ድሮ ነግራታለች። ናሆም አንድ ቀን ገላውን እየታጠበ ሳሙና አጣ። ትምህርቱ ያለቀ መስሎት ፎጣ አገልድሞ፣ ራሱ ላይ አረፋ እንደተከመረ፣ የሳጥኑን በር ከፍቶ ገባ። ስክሪኑ ላይ ሦስት መቶ ልጆች አፍጥጠው ያዩታል። ሮጦ መውጣት ሲገባው ናሆም በድንጋጤ እጅ ነሳቸውና፣ “ሳሙናውን አይታችኋል?” ብሎ ጠየቃቸው።

ኤልዳና ሳቀች።

ሳቁ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። አጭር ነበር፤ እንደ ሳል ያለ። ልቅሶው ተከትሎ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ሳለ ቢንያም አጨበጨበ፤ ሲፈን የመብራቱን ቀለም የሚያሳያትን ስልኳን ከፍ አድርጋ “ቢጫ ሆነ! ከቀይ ወጣን!” ብላ ጮኸች። አራቱ ተቃቀፉ። ኤልዳናንም ጎትተው መሀላቸው አስገቧት። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳቁንም ጭብጨባውንም ሰሙት። እትዬ ሃሴት ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች።

*

ኤልዳና ሥራ ስትመለስ እጇ ዘዴውን አግኝቶት ነበር። ስለ ናሆም የሚያስቅ ነገር ሲወራ መብራቱ ይፈካል፤ ሲተው ይደበዝዛል። ስለዚህ አላቋረጡም። በሻይ ሰዓት፣ በፈረቃ መሀል፣ በመንገድ ላይ ይጠይቋታል። ናሆም ሲያንኮራፋ እንዴት ነበር? ሲናደድስ? የመጀመሪያ ቀን ምን ብሎ ለመነሽ? ኤልዳና ያላትን ሰጠቻቸው። የማንም ባል ታሪክ እስከ ዘላለም የሚያስቅ አይደለምና አለቀ። ከዚያ ቢንያም ከራሱ መጨመር ጀመረ። ናሆም አድርጎት የማያውቀውን አደረገው፤ ያላለውን አስባለው። ኤልዳና መጀመሪያ አካባቢ “እንደዚያ እንኳ አልነበረም” ትል ነበር። በኋላ ተወችው፤ ማረሟ መብራቱን ስለሚያወርደው።

አንድ ቀን ቢንያም የናሆምን ጃኬት ለመናት። ሰማያዊ፣ ክርኑ የተጣፈ፣ የባትሪ አሲድ ደረቱን የበላው ጃኬት ነበር። አመጣችለት። ቢንያም እየጠበበው ለብሶት፣ ጎንበስ ብሎ፣ ማረፊያው ውስጥ እየተንጎራደደ በየሰዉ ፊት ቆመና “ሳሙናውን አይታችኋል?” አለ። ከየእጁ ያሉት መምህራን በሙሉ በሳቅ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሰላምታ ሆነ። ኮሪደር ላይ የሚተላለፉ መምህራን “ሳሙናውን አይታችኋል?” ይባባላሉ። አንድ ቀን ኤልዳና የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜዋን ልትጀምር ስትገባ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ይህንኑ አለ፤ ክፍሉ አውካካ። እሷም ሳቀች። ፍሬዋ ዝም አለች። መሳቅ ቀላል እየሆነ መጥቶ ነበር።

የጽሕፈት ቤቱ አስተባባሪ ወይዘሮ ማክዳ ለጉብኝት መጥታ የንጋትን መብራት አየች። በከተማው እንደዚያ የጠራ አረንጓዴ አላየሁም አለች። የኤልዳናን ሁለት እጆች ይዛ “ሐዘንን ወደ ጉልበት መለወጥ ማለት ይሄ ነው” አለቻት። “በመንፈስ ቀን የከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይሰበሰባሉ። ይህን መድረክ ላይ ማየት አለባቸው። አንቺ ራስሽን ሆነሽ ትጫወቻለሽ።”

የመንፈስ ቀን የሚውለው ከናሆም ዐርባ ጋር በአንድ ቀን ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ ኤልዳና ረምላን የባዮሎጂ ዕቃዎች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ረምላ አጉሊ መነጽሮቹን እየወለወለች ነበር። ኤልዳና በሩን ዘጋች።

“ረምላ፣ ፊቱ እየጠፋኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ቢንያም ነው።”

ረምላ መወልወሏን አቆመች፤ ግን ቀና አላለችም።

“አንድ ቀን ብቻ ስጡኝ” አለች ኤልዳና። “ቤቴን ዘግቼ አንድ ቀን ላልቅስ። እስካሁን እኮ አላለቀስኩም።”

“አንድ ቀን ይበቃሻል?”

ኤልዳና አሰበች። “አይበቃኝም።”

“አየሽ።” ረምላ መነጽሩን አስቀመጠች። “ዛሬ ጠዋት መብራቱ ሁለቴ ቢጫ ሆነ። ቢንያም ደብቆሻል። ቀልዱ እየበረደ ነው ኤልዱ። አንቺ ደግሞ ማልቀስ ትያለሽ። ሳጥን ውስጥ ምን ሆኜ እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ፤ እንደ ሕፃን አፍ ያስፈታሽኝ አንቺ ነሽ። ከተመለስኩ ሁለተኛ አልወጣም።”

“አውቃለሁ።”

“ናሆም ሞቷል። ምንም ብታለቅሺ አይመለስም። እኔ ግን ገና አልሞትኩም።”

ኤልዳና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ረምላም ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇን ያዘቻት።

“እሺ” አለች ኤልዳና። “አላለቅስም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለእትዬ ሃሴት እንኳን። ብቻዬን ከብዶኛል።”

ነገረቻት። ያን እሑድ ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር። ናሆም የድንች ከረጢት ተሸክሟል። ደረጃው መሀል ላይ ቆመና “ትንሽ ልረፍ” አላት። ከረጢቱን አውርዶ ተቀመጠ፤ ግድግዳውን ተደገፈ። እሷ ደግሞ ማድጋው ባዶ መሆኑን አስባ፣ ውሃ ሳይሄድ ልቅዳ ብላ፣ ጥላው ወጣች። እንዲያውም “ሰነፍ” ብላዋለች። ውሃውን ቀድታ፣ በብርጭቆ ለሱም ይዛ ስትመለስ እንደተቀመጠ ነበር። ድንቾቹ ከከረጢቱ ወጥተው ደረጃው ላይ ተንከባልለዋል። የመጨረሻ የሰማው ቃል “ሰነፍ” ነው።

ረምላ እጇን አልለቀቀችም። ሁለቱም አላለቀሱም፤ በደንብ ተለማምደውታል።

በዚያው ሳምንት እትዬ ሃሴት ወደ ኤልዳና ቤት መጣች። የዐርባውን ፍትሐት ለቄሶቹ እንደተናገረች፣ ድግሱንም እሷ ቤት እንዳሰናዳች ገለጸችላትና “ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንገናኝ” አለቻት።

“እትዬ፣ ጠዋት የሥራ ፕሮግራም አለብኝ። እንዳለቀ በሩጫ እመጣለሁ።”

“በዐርባው ቀን ምን ዓይነት ሥራ ነው?”

“አስገድደውኝ ነው።”

እትዬ ሃሴት ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ ጉንጯን ዳሰስ አደረገቻት። “ከስተሻል አንቺ ልጅ። ምግብ ትበያለሽ? ሥራ ካልሽ ምን ይደረጋል፤ ቄሶቹን ትንሽ አቆያቸዋለሁ። አንቺ ሳትመጪ ማዕዱ አይባረክም።”

*

በመንፈስ ቀን የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላ። መድረኩ ላይ ትንሽ ሳጥን ተሠርቷል፤ ኤልዳና ውስጡ ተቀምጣ ለሌሉ ልጆች ታስተምራለች። ቢንያም በፎጣና በአረፋ መጣ። “ሳሙናውን” ሲል አዳራሹ “አይታችኋል!” ብሎ አብሮት ጮኸ። ሰዎች ወንበር ላይ ቆሙ። ልምምዱ ላይ ጨዋታው እዚህ ጋ ያልቅ ነበር። ኤልዳና እጅ ለመንሳት ከሳጥኑ ወጣች።

ዮናታንና ሲፈን ግን ከመጋረጃው ጀርባ ከእንጨት የተሠራ ደረጃ እየገፉ አመጡ። ቢንያም ፎጣውን ጥሎ ሰማያዊውን ጃኬት ለበሰ፤ ከረጢት ተሸከመ፤ ደረጃውን ጎንበስ ብሎ መውጣት ጀመረ። መሀል ላይ ቆመ።

“ትንሽ ልረፍ” አለ።

ቢንያም ከዚያ በፊት የናሆምን ድምፅ አስመስሎት አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን ራሱን ናሆምን ሆነ። ኤልዳና ወደ ረምላ ዞረች። ረምላ የመድረኩ ጥግ ላይ ቆማ የራሷን ጫማ ታያለች። ቢንያም ከረጢቱን አወረደ፤ ተቀመጠ፤ የሌለን ግድግዳ ተደገፈ። አንገቱ ወደ ጎን ወደቀ። ድንቾቹ ከከረጢቱ እየወጡ በደረጃው ላይ ተንከባለሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የኤልዳና ፍሬ በኃይል ነዘረች።

ከዚያ ቢንያም አንድ ዓይኑን ገለጠ።

“ሳሙናውን አይታችኋል?”

አዳራሹ ፈነዳ። ኤልዳናም ሳቀች። ልትስቅ አልፈለገችም፤ ነገር ግን ያቺን ቃል በሰማች ቁጥር አካሏ መሳቅ ተምሯል። ሆዷን ይዛ ጎንበስ አለች፤ እንባዋ ከሳቁ ጋር ወረደ፤ ትንፋሽ አጠራት፤ ቀና ብላ እንደገና ሳቀች። በሕይወቷ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። በዚህ መሀል ነው የአዳራሹ በር አጠገብ ጥቁር የለበሰች ሴት ያየችው።

እትዬ ሃሴት ነበረች። ቄሶቹ ቸኮሉ፤ ኤልዳናን ይዛ ልትመለስ በእግሯ ነበር የመጣችው። ምን ያህል እንደቆመች አይታወቅም። ወንድሟ ደረጃ ላይ ሲሞት አይታለች፤ ሚስቱ ስትስቅም አይታለች። ኤልዳና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሳቁ በጣቶቿ መሀል ወጣ። እትዬ ሃሴት ነጠላዋን አጣፋችና ወጣች።

ንጋት አንደኛ ወጣ። ወይዘሮ ማክዳ ለአምስቱም ሜዳሊያ አጠለቀችላቸው፤ ዝግጅቱም በሌሎች ከተሞች እንደሚታይ አበሰረች። ቢንያም ኤልዳናን ሲያቅፋት የእውነት አልቅሶ ነበር፤ የደስታ እንባ ስለሆነ ፍሬው አልነዘረችም። “አዳንሽን እኮ ኤልዱ” አላት። “ሁላችንንም አዳንሽን።” ከልቡ ነበር።

ረምላ ዘግይታ መጣች።

“እኔ ነኝ የነገርኩት” አለች። “መብራቱ እየወረደ ነበር። ይቅር በይኝ።”

“እሺ።”

“ተቆጥተሻል?”

ኤልዳና ከጆሮዋ ጀርባ ዳሰስ አደረገች። “አልተቆጣሁም” አለች። “ልቆጣ አልችልም።”

ረምላ ትከሻዋን አቅፋ ሳመቻት፤ አንድ ቀን እንኳ ሳጥን ያላየች ሰው ትመስል ነበር።

*

ኤልዳና ሜዳሊያውን ከአንገቷ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ጥቁር ሻሿን አሰረችና ወደ እትዬ ሃሴት ቤት በሩጫ ወጣች። ዳገቱ ላይ ከድግሱ የሚመለሱ ሰዎች አገኟት። የሚያውቋት ነበሩ። አንዳንዶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ሰላም ያላት ግን የለም። ቄሶቹ ሄደዋል። ማዕዱ ተባርኮ፣ ተበልቶ፣ ጥቂት ሴቶች ዕቃ እያነሱ ነበር።

እትዬ ሃሴት በሩ ላይ ተቀበለቻት። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻት።

“ይግቡ፣ ይግቡ። በር ላይ አይቁሙ።”

ኤልዳና ከኋላዋ ሌላ ሰው የመጣ መስሏት ዞር አለች። ማንም አልነበረም።

“እትዬ፣ እኔ ነኝ።”

“ይቀመጡ። ደክሞዎታል።” ወንበር አቀረበችላት፤ በሩ አጠገብ፣ ሩቅ ዘመድና ጎረቤት የሚቀመጡበት ቦታ። እንጀራ በሰሃን አድርጋ ወጥ ጨለፈችላት። ዕቃ የሚያነሱት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ያያሉ። “ይብሉ እንጂ። ቀዝቅዞ ይሆናል፤ ይቅርታ ያድርጉልን። ከሩቅ ነው የመጡት?”

“እትዬ ሃሴት፣ በእግዚአብሔር። ስደቢኝ። ምቺኝ።”

እትዬ ሃሴት አጠገቧ ቆማ፣ ጭልፋውን ይዛ፣ እንግዳን በሚጠይቁበት ረጋ ያለ ድምፅ ጠየቀቻት።

“ወንድሜን ያውቁት ነበር?”

ያ ሁሉ ጊዜ ሲጠብቅ የኖረው ልቅሶ መጣ፤ ደረቷ ላይ ሲወጣ ተሰማት። ፍሬዋም ነዘረች፤ ለስለስ አድርጋ፣ መታ መታ። ረምላን አሰበቻት፤ ነገ ጠዋት መብራቱን ቀና ብላ ስታይ። ኤልዳና ትንፋሿን ዋጠች። አንድ ጊዜ፤ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ልቅሶው ወደመጣበት ተመለሰ።

“በመጠኑ” አለች።

“ጥሩ ሰው ነበር” አለች እትዬ ሃሴት፤ ወጥ ጨመረችላት።

ኤልዳና ሌሎቹ እንግዶች እንደሚሉት “ነፍስ ይማር” አለችና መብላት ጀመረች።